ስርጉትና ጥርሳቸው ያለቀ ብሎኖች

ቢቸና ከመናኸሪያው ወደ እህል ተራ ሲወርዱ በስተቀኝ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ አለች። በሯ ላይ «ስርጉት ሞባይልና ሬዲዮ ጥገና» ይላል። የጻፈችው ራሷ ስርጉት አካለ ወልድ ናት። «ጥገና» የሚለው ቃል ከሌሎቹ ሁሉ ገዝፎ ይታያል። ለምን እንደሆነ የሚጠይቃት ሰው ካለ፣ «ቀለም ተርፎኝ ነው» ትላለች።

አባቷ መሪጌታ አካለ ወልድ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ደብር ቅኔ ያስተምራሉ። እናቷ ይርገዱ ያረፉት ስርጉት ገና ልጅ ሳለች ነበር። መሪጌታ ቀኑን ሙሉ ከተማሪዎቻቸው ጋር ስለሚውሉ ልጅቷን ብቻዋን ቤት ማዋሉ ከበዳቸው። የእናቷ ወንድም ባምላኩ ሞጣ ወስደው አሳደጓት።

አያ ባምላኩ ሰዓትና ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር። ስርጉት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከጠረጴዛቸው ጎን ትቀመጣለች። መጀመሪያ ብሎን በየመጠኑ እየለየች በቆርቆሮ ታስቀምጥ ነበር። ቀጥላ የማይሠሩ ሬዲዮኖችን መፈታታት ጀመረች። አንድ ቀን አያ ባምላኩ ለቅሶ በሄዱበት የቤቱን ደህና ሬዲዮ ከፈተችና መልሶ መግጠሙ አቃታት። እሳቸው ሲመጡ የሬዲዮው ሆድ ዕቃ መደቡ ላይ ተዘርግቷል። አልተቆጡም። «እራት ቀርቧል» አሏት። «ሳልዘጋው አልበላም» አለች። እውነትም ሳትዘጋው አልበላችም፤ ወጡ ቀዝቅዞ ረግቶ ነበር።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቢቸና ስትመለስ ሙያ ይዛ ተመለሰች። ሱቋ ያረፈችበት ቦታ የመሪጌታ ነው። ሴት ልጅ ካቻቢቴ ይዛ መናኸሪያ አጠገብ መቀመጧን አይቶ አንዳንዱ ጎረቤት ሲያንሾካሹክ፣ መሪጌታ ግን ነገሩን በለመዱት መንገድ ተቀበሉት። «እኔ ቅኔ እፈታለሁ፣ አንቺ ብሎን ትፈቺያለሽ» አሏት። «የሁለታችንም ሥራ ቅርፊቱን ገልጦ ውስጡን ማየት ነው።» ይህን ያሉት ሰው እየሰማ ስለነበር ወሬው በከተማው ዞረ፤ ከዚያ በኋላ ያንሾካሸከ የለም።

ብዙ ዓመት እንዲህ ሠራች። ከየቀበሌው ገበያ የሚመጣው ገበሬ ሬዲዮኑን፣ መምህሩና የጤና ባለሙያው ስልኩን ይዞ ይመጣል። እጇ ፈጣን ነበረች። የስልክ ብሎን ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይተልቅም፤ እሷ ግን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ይዛ እያወራች ትገጥመው ነበር።

በአንድ ክረምት ዕቃ ልትገዛ ሞጣ ሄደች። ዝናብ ጥሎ ያበራ ቀን ነበር። የተሳፈረችበት ባጃጅ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ተገለበጠ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ጭቃቸውን አራግፈው ተነሡ። ስርጉት ስትወድቅ ቀኝ እጇን አስቀድማ ነበርና አንጓዋ ላይ ተሰበረች።

ወጌሻው ጥሩ ሰው ነበሩ፤ አጥንቱን አገጣጥመው በቀርከሃ አሠሩላት። አጥንቱ ደህና ገጠመ። እሥሩ ሲፈታ ግን አውራ ጣቷ፣ ሌባ ጣቷና የመሃል ጣቷ የሷ አልሆኑም። ስትነካቸው እንደ ሌላ ሰው ጣት ናቸው፤ ደንዝዘዋል፤ ጭብጥ በሉ ሲሏቸው ግማሽ መንገድ ሄደው ይቆማሉ።

ሱቋን በከፈተች ቀን አንዲት ደንበኛ ስልክ አመጣችላት። ስርጉት ካቻቢቴውን አነሣች። ወደቀ። እንደገና አነሣች። ሁለተኛ ጊዜ ሲወድቅ የስልኩን መስታወት መትቶ ሰነጠቀው። ደንበኛዋ፣ «ግድ የለም፣ እግዚአብሔር ይማርሽ» ብላ ስልኳን ይዛ ሄደች። ስርጉትን ከመስታወቱ መሰንጠቅ ይልቅ ያ «ይማርሽ» አመማት። የዚያኑ ዕለት ሱቋን ዘጋች።

መሪጌታ ልጃቸውን ያዩዋታል። ቤት ውስጥ ትዘዋወራለች፤ የምትናገረው እያነሰ ሄደ። አንድ ማታ እራት ላይ፣ «ስርጉት» አሏት፣ «ይህ ነገር ላይመለስ ይችላል። ሱቁን ምንይሉ ለእህል ማስቀመጫ ይፈልገዋል። አንቺም ሌላ ነገር እናስብልሽ።»

ምንይሉ እዚያው ሠፈር የሚነግድ የእህል ነጋዴ ነው።

«ሌላ ምን አባባ?»

«ካርድ መሸጥም ይቻላል። መጻሕፍት ቤት ተቀምጦ ማገልገልም አለ።»

ስርጉት ገበታውን ማንሣት ጀመረች። በነጋታው አያ ባምላኩ ደወሉላት። ዓይናቸው ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ሱቃቸውን ግን ከልማድ ብዛት ዛሬም ይከፍታሉ። «ነይ ወደዚህ» አሏት። «እዚህ ሆስፒታል አንዲት የድሬዳዋ ልጅ ተመድባ መጥታለች። የደረቀ እጅ ታንቀሳቅሳለች ይሏታል። ደግሞም ብቻዬን ሰልችቶኛል።»

እስከዳር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። በሽተኞቿ «ሲስተር» ይሏታል፤ እሷም ማረም ከተወች ቆይታለች። ድሬዳዋ ያደገች ስለሆነች ሰው ሁሉ ለሷ አንተና አንቺ ነው። አያ ባምላኩ ስርጉትን ይዘው ሲገቡ፣ «አንተ ምንህን ነው የሚያምህ?» አለቻቸው። ሽበታቸውን እያየች። ስርጉት ደነገጠች። አያ ባምላኩ ግን ቆመው በሳቅ ፈረሱ፤ «ከእናቴ ወዲህ አንተ ያለኝ የለም፤ ደስ ይላል» አሉ።

እስከዳር የስርጉትን እጅ አገላብጣ አየች፤ በመርፌ ጫፍ ጣቶቿን ነካ ነካ አደረገች።

«ነርቩ ተጎድቷል፤ ግን አልሞተም» አለቻት። «ነርቭ ቀስ ብሎ ነው የሚመለስ። ጣቶቹን ደግሞ ከአሁኑ ካላሠራናቸው ነርቩ ሲመጣ የደረቀ እንጨት ነው የሚያገኘው። ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብዬ አልዋሽሽም። ትሠሪያለሽ?»

«እሠራለሁ።»

ሥራው ሽንብራ መልቀም ነበር። ከአንድ ጎድጓዳ ሣህን ወደ ሌላው፣ አንድ አንድ ፍሬ እያነሡ ማዛወር። ከዚያ ጭቃ የመሰለ ነገር መጭመቅ፤ ከዚያ እንደገና ሽንብራ። ስርጉት ሳምንቱን ሙሉ ያለ ቃል ለቀመች። ከዚያ አንድ ጠዋት ሣህኑን ገፋችው። «ሲስተር፣ እኔ ሽንብራ ለቅሜ አላውቅም። ሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ።»

እስከዳር ሳይታሰብ ሳቀች። «ታዲያ ዛሬ ነው የምትነግሪኝ?» አለችና ከመደርደሪያው ላይ አንዲት መኪና አውርዳ ፊቷ አስቀመጠችላት።

በሪሞት የምትነዳ ትንሽ መኪና ናት። ጎማዎቿ ወፋፍራም፣ አካሏ አረንጓዴ፣ ሁለት ስንዝር የማትሞላ። ለሥልጠና የመጡ አንድ ሐኪም ትተውላት የሄዱት ነው። እስከዳር ለልጆች ትጠቀምባት ነበር። እግራቸው ቆልመም ብሎ ተወልደው በጄሶ የተስተካከለላቸው፣ ከዚያም መቆም የሚፈሩ ሕፃናት አሉ። መኪናዋን ፊት ፊታቸው ስትነዳላቸው ፍርሃታቸውን ረስተው ይከተሏታል። አሁን ግን ሞተሯ እያጓራ ጎማዋ አይዞርም።

«ሊጠግን ብሎ አንድ ሰው ታግሏት ተዋት» አለች እስከዳር። «ብሎኖቹ እምቢ አሉ። እስካሁን ውስጧን ያየ የለም።»

ስርጉት መኪናዋን በግራ እጇ ገለበጠቻት። ከሆዷ በታች ጎማዋን የሚያዞሩትን ባለጥርስ ማርሾች የሚሸፍን ክዳን በአምስት ትንንሽ ብሎኖች ተይዟል። የብሎኖቹ ራስ ባለስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ነበረው፤ ድሮ ማለት ነው። ልኩ ባልሆነ ነገር፣ ምናልባትም በቢላ ጫፍ፣ ስለተጠመዘዙ ማዕዘኖቹ ተልጠው ቀዳዳው ክብ ሆኗል። ቁልፍ ሲያስገቡበት ባዶውን ይሽከረከራል። አንደኛው ደግሞ ዝጓል።

«እኔ በዚህ እጅ?» አለች ስርጉት።

«በዚያ እጅ። ሽንብራውን ተይው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሁሉን በግራሽ እየሠራሽ ቀኝሽን ካስተኛሽው፣ መኪናዋን እነጥቅሻለሁ።»

በሩ አጠገብ አንዲት ትንሽ ልጅ ከእናቷ ጭን ላይ ሆና ታይ ነበር። እናቷ ባንቺዓለም ከገጠር በእግርና በመኪና ነው ያመጣቻት። ልጅቷ መክሊት ትባላለች። ጄሶዋ ከተነሣላት ቆይቷል፤ ቁሚ ሲሏት ግን ጉልበቷን አጥፋ ትወድቃለች።

«ሞተች?» አለች መክሊት መኪናዋን እያየች።

«ታማለች እንጂ አልሞተችም» አለቻት ስርጉት።

አያ ባምላኩ ጠረጴዛቸውን ለቀቁላት። ራሳቸው ከጎን ባለው በርጩማ ተቀመጡ። ስርጉት መኪናዋን በጨርቅ ጠቅልላ ዕቃ ጠምዶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አሠረቻት። አያ ባምላኩ ዓይናቸው ባያይም ጣታቸው ያያል፤ የብሎኖቹን ራስ አንድ በአንድ በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱ። «ይህኛው ገና ጥቂት ጥርስ አለው። ይህም። ያ መሃለኛው ጨርሶ የተላጠ ነው። ይህ ሻካራው የዛገው ነው፤ እሱን ለመጨረሻ ተይው፣ ዘይት አጠጪውና ይተኛ።»

ስርጉት የዛገው ላይ ዘይት ጠብ አድርጋ ወደ መጀመሪያው ሄደች። የሚቸግረው ነገር ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ መሠራቱ ነው። የተላጠ ብሎን ወደ ታች አጥብቀው ሳይጫኑት ከዞሩት ይብስ ይላጣል። መጫን ጉልበት ይፈልጋል፤ ማዞር ጣት ይፈልጋል። ጣቷ የለም። ስለዚህ የቀኝ መዳፏን የካቻቢቴው ጭራ ላይ አኑራ በትከሻዋ ተጫነች፤ በግራዋ ልታዞር ሞከረች። ተንሸራተተ። እንደገና። ተንሸራተተ። ቀኑ በዚህ አለፈ።

በማግስቱ ለእስከዳር ነገረቻት። እስከዳር ጓንቷን ከእጇ እያወለቀች ታዳምጣለች፤ ድንገት ጓንቱን አየችው። «ቆይ፤ የተላጠ ቀዳዳና ቁልፍ መሃል የሚሞላ ነገር ቢኖርስ? እኛ ቤት የማይከፈት ክዳን በላስቲክ ይዘን ነው የምንከፍተው።» ንጹሕ ጓንት አውጥታ ጣቱን ቆርጣ ሰጠቻት።

ስርጉት ላስቲኩን ብሎኑ ራስ ላይ ዘርግታ ቁልፉን ከላዩ አስገባችው። ላስቲኩ ክፍተቱን ሞልቶ ቁልፉን ነከሰ። በመዳፏ ተጫነች፣ በግራዋ ቀስ አድርጋ አዞረች። መጀመሪያ ምንም። ቀጥሎ አጭር «ቀጭ» የሚል ድምፅ። አያ ባምላኩ ከበርጩማቸው ቀና አሉ። «ለቀቀ!» አሉ፤ ከሷ ቀድመው ነው የሰሙት።

ሁለተኛው በላስቲክ አልሄደም፤ ላስቲኩ ተቀደደ። ከአያ ባምላኩ ሣጥን ውስጥ፣ ከቀዳዳው በጥቂቱ የሚተልቅ የኮከብ ቅርጽ ያለው የካቻቢቴ ጫፍ ፈለገችና በትንሽ መዶሻ ቀስ እያለች ቀዳዳው ውስጥ ሰካችው። መዶሻውን ያዘችው በቀኟ ነው። ጣቶቿ ሲዝሉባት መዶሻው ይወድቃል፤ አንሥታ ትቀጥላለች። የኮከቡ ጥርስ ለስላሳውን ብረት ቆርጦ ገባና ያዘ። ዞረ።

ሦስተኛው መንቀሳቀስ ጀመረና ቆመ። አያ ባምላኩ አሸተቱት። እውነት ነው፣ አሸተቱት። «ማጣበቂያ አለበት» አሉ። «አንዳንዱ ብሎን በንዝረት እንዳይላላ ሲገጠም ማጣበቂያ ይቀቡታል። ይህን የሚያሸንፈው እሳት ነው።» ስርጉት ስታኞ የምታቀልጥበትን ካውያዋን አሙቃ ጫፉን ብሎኑ ራስ ላይ አሳረፈች፤ ክዳኑ ፕላስቲክ ስለሆነ እንዳይቀልጥ ብሎኑን ብቻ መንካት አለባት። የፕላስቲክ ሽታ ሲመጣ ታነሣለች፤ ሲበርድ ትመልሳለች። ጫፉ አንዴ ስቶ ክዳኑ ላይ ጥቁር ጠባሳ ጣለ። ማጣበቂያው ሲለሰልስ ግን ብሎኑ እንደ ቅቤ ወጣ።

አራተኛው ላይ ተቸገረች። የሚያዝ ነገር አልነበረውም። ራሱ ላይ አዲስ መስመር ቆርጣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ልታስገባ አሰበች። የሴጌቶ፣ የብረት መጋዝ፣ ስባሪ ምላጭ አንሥታ መቀርደድ ጀመረች። ምላጩ ሸርተት ብሎ ግራ አውራ ጣቷን ቆረጠው። ደሙን በጨርቅ አሠረችና ቀጠለች። ምላጩ እንደገና ሸርተት አለ፤ የመኪናዋን ሆድ ጫረ።

ያን ጊዜ ምላጩን ወረወረችው።

«ይብቃኝ!» አለች። «ደህናው እጄንም ልጨርሰው ነው። አባባ ልክ ናቸው።»

አያ ባምላኩ ወደ እሷ ዞሩ። «ሠፈር ውስጥ የብየዳ ልጆች አሉ» አሉ። «ልጥራቸው? በኤሌክትሪክ የሚሰረስር ትራፓኖ አላቸው። አሁኑኑ ያፈርጡታል።»

ስርጉት መኪናዋን አየቻት። ሦስት ብሎን በክዳኑ ጎን በቆርቆሮ ተቀምጠዋል። «አይጥሩብኝ» አለች።

«ለምን? መኪናዋ መሠራቷ አይደል ዋናው?»

«ለሲስተር መኪናዋ ናት። ለኔ ግን አይደለም አያ።» አለች። «እነሱ ከፈቱት እኔ ነገ ምን እከፍታለሁ?»

አያ ባምላኩ ተነሥተው እየዳሰሱ ምላጩን ከወለሉ ፈለጉ። አግኝተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩላት።

ስርጉት በዚህ ጊዜ መንገዱን ለወጠችው። ምላጩን ጨርቅ ጠቅልላ ወፍራም እጀታ አበጀችለት፤ ወፍራም ነገር ሲሆን ቀኝ ጣቶቿ ግማሽ መንገድ ሄደው የሚቆሙበት ቦታ ላይ እጀታውን ያገኙታል። እንዲያውም ይጨብጡታል። ግራ እጇ መምራት ብቻ ሆነ፤ የሚቆርጠው ቀኙ ነው። እየቀረደደች፣ እያረፈች፣ ጣቶቿን እያፍታታች ብረቱ ላይ ቀጭን መስመር ወጣ። ጠፍጣፋውን ካቻቢቴ መስመሩ ላይ አስቀምጣ ተጫነች። አራተኛውም ወጣ። ከዚያ በኋላ የምትይዘውን ሁሉ ዕቃ በጨርቅ እየጠቀለለች አወፈረችው። የካቻቢቴዎቹ እጀታዎች ከሩቅ ሲታዩ የቆሰሉ ጣቶች ይመስሉ ነበር።

የዛገው ዘይት ሲጠጣ ሰንብቷል። ላስቲክ ሞከረች፣ ኮከብ ሞከረች፣ እሳት ሞከረች። አልነቃነቅ አለ። መጨረሻ ላይ መስመር ቆርጣ በኃይል ስታዞረው፣ ተሰማት፤ የመልቀቅ ድምፅ ሳይሆን የመሰበር ድምፅ ነው። የብሎኑ ግማሽ ራስ ተቆርጦ መሬት ወደቀ።

የምታለቅስ መስሏቸው አያ ባምላኩ እጃቸውን ወደ ትከሻዋ ሲዘረጉ፣ ስርጉት ግን አጎንብሳ ብሎኑን ትመረምር ነበር። «አያ፣ ክዳኑን የያዘው እኮ ራሱ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ግማሹ ሄዷል። ግማሹንም ብናስወግደው ክዳኑ ይነሣል። እግሩ ከውስጥ ቢቀርም ይቆማል፤ ቆሞ ካገኘሁት በፒንሳ ይዤ አወጣዋለሁ።»

«ታዲያ መስበርሽ በጀሽ ማለት ነው?»

«አልበጀኝም፤ ግን ይኼው ተሰበረ።»

የቀረውን ራስ በእጅ በሚዞር ትንሽ መሰርሰሪያ ልትበላው ጀመረች። ትራፓኖ ፈጣን ነው፤ ከሳተ ክዳኑን አልፎ ውስጡን ይበሳል። የእጅ መሰርሰሪያ ግን ቀስ ብሎ ይሄዳል። ቀኟ እጀታውን ያዘ፣ ግራዋ አዞረ። ጣቶቿ ሲደክሙ በቀሚሷ መቀነት አንጓዋን ከእጀታው ጋር አሠረችው። የብረት ፍቅፋቂ እንደ ጨው ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ። ቀትር ላይ የጀመረችው ጥላ ሲረዝም የብሎኑ ራስ እንደ ቀለበት ሆኖ በመሰርሰሪያው አፍ ላይ ቀረ።

ክዳኑ ተነሣ። ከሥሩ የብሎኑ እግር ብቅ ብሎ ቆሟል። ስርጉት ፒንሳውን በሁለት እጇ ይዛ አዞረችው። ዝገቱ እያንጫጫ ዞሮ ወጣ።

የመኪናዋ በሽታ ውስጧ ሲታይ ቀላል ነበር። ከሞተሩ ዘንግ ላይ ያለችው ትንሽ ባለጥርስ ማርሽ ላልታ ኖሯል፤ ዘንጉ ሲዞር እሷ አትዞርም። የምትይዛት አንዲት ብሎን ናት፤ ከስልክ ብሎን እምብዛም አትበልጥም። እሷን ማጥበቅ ብቻ ነው የቀረ። ግን ወፍራም እጀታ እዚያ አይገባም። በሁለት ጣት ይዞ ማስገባት ግድ ነው፤ ግራ እጇ ደግሞ ማርሿን በቦታዋ መያዝ አለባት።

በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ያዘቻት። ወደቀች። አነሣቻት። ወደቀች። ጣቷ ብሎኗን ይዟት ወይም ጥሏት እንደሆነ እንኳ ካላየችው አታውቅም ነበር። ባያዩም የብሎኗን መውደቅ ሲሰሙ የቆዩት አያ ባምላኩ፣ «ነገ እንቀጥል ልበል?» አሉ። «እንቀጥል አይበሉ» አለች። ተነፈሰች፤ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ እንደገና ያዘቻት። በዚህ ጊዜ ጣቷን ሳይሆን ብሎኗን ብቻ አየች። ቀዳዳው አፍ ላይ ስትደርስ በሌባ ጣቷ ጫፍ አንድ ነገር ተሰማት፤ ቀጭን፣ ሩቅ፣ እንደ ቅዝቃዜ ያለ። ብረት ነበር። ብሎኗ ገባች።

በነጋታው ጠዋት ሆስፒታሉ ውስጥ መኪናዋ ስትሄድ ባንቺዓለም ከልጇ ቀድማ ነው እልል ያለችው። እስከዳር ሪሞቱን ያዘች። መኪናዋ መክሊት እግር ሥር መጥታ ቆመች፤ ትንሽ ራቀች፤ እንደገና ቆመች። መክሊት የእናቷን ቀሚስ እንደያዘች ተነሣች። መኪናዋ ራቀች። ልጅቷ ቀሚሱን ለቀቀች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ በቂጧ ተቀመጠች፤ አላለቀሰችም፤ «ቁሚ!» ብላ ጮኸች፤ ለመኪናዋ ነው። ከዚያ ተነሥታ ተከተለቻት።

እስከዳር ሪሞቱን ሳትለቅ በክንዷ ስርጉትን ጎሸም አደረገቻት። «ነይ፣ አንቺም ንጂው። ለአውራ ጣትሽ ነው፤ ነፃ እንዳይመስልሽ።»

ስርጉት ሞጣ እስከ ጥቅምት ቆየች። እጇ እንደ ድሮ አልሆነችም። አውራ ጣቷ ዛሬም ግማሹ ደንዛዛ ነው፤ ሲበርድ ይነጣል። ግን መያዝ ተማረች፣ ማዞር ተማረች፣ ድሮ ቀኝ ይሠራው የነበረውን ግማሹን ለግራ አስተማረች። አንድ ቀን ጓዟን ጠቅልላ፣ በጨርቅ የተጠቀለሉ ካቻቢቴዎቿን ይዛ ቢቸና ተመለሰች።

ሱቋ በጤፍ ኩንታል ተሞልታ ጠበቀቻት።

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። «ምንይሉ እስከ ፋሲካ ልያዘው ብሎኝ እሺ ብያለሁ» አሉ። «መመለስሽን አላወቅሁም። ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ልጄ፣ እኔ ቃሌን አላጥፍም።»

«ቃልዎ አይታጠፍ አባባ» አለች ስርጉት። «ግን ምን ብለው ነው የሰጡት? ቤቱን ነው?»

«ቤቱን።»

«በረንዳውንስ ጠቅሰውለታል?»

መሪጌታ ቀና ብለው አዩዋት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተማሪዎቻቸውን ቃል ሲያስሰነጥቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ፊታቸው ቀስ በቀስ ተፈታ። «በረንዳ አልተነሣም» አሉ።

በነጋታው ስርጉት በገዛ ሱቋ በረንዳ ላይ ጠረጴዛዋን ዘረጋች። ምንይሉ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ነጋዴ ነው።

«ስርጉት፣ በሩን ዘጋሽብኝ እኮ!»

«አልዘጋሁም። ኩንታል ሲወጣ ጠረጴዛዬን ገለል አደርጋለሁ።»

«በዚህ ብርድ፣ በዚህ አቧራ?»

«ብርዱን እኔ ነኝ የምበርደው።»

ራሱን ነቅንቆ ገባ። ቃሏን ግን ጠበቀች፤ ኩንታል በወጣ ቁጥር ጠረጴዛዋን ታነሣለች፤ ያውም በሁለት እጇ። ጤፍ ሊገዛ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሷን ሆነ።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ሀብትነሽ የምትባል፣ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች አዋላጅ ናት። ስልኳን ሌላ ቦታ ከፍተውት ብሎኖቹን ልጠውባታል። ስርጉት ከመቀበሏ በፊት ቀኝ እጇን ዘርግታ አሳየቻት።

«እጄ ተሰብሮ ነበር፤ እንደ ድሮ ፈጣን አይደለሁም። ቀስ ብዬ ነው የምሠራ። ቸኩለሽ ከሆነ ሌላ ሰው ልጠቁምሽ።»

ሀብትነሽ በጨርቅ የተጠቀለሉትን ካቻቢቴዎች አየች፤ ስርጉትን አየች። «እኔም ሥራዬ መጠበቅ ነው» አለችና በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

ስርጉት ከኪሷ የጓንት ቁራጭ አወጣች። ሞጣ ከእስከዳር ያመጣችው ነው፤ አሁንም እስከዳር በአውቶቡስ ትልክላታለች፤ ስትደውልም መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ አውራ ጣቷ ነው። ላስቲኩን ዘርግታ፣ ቁልፉን አስገብታ፣ በመዳፏ ተጫነች።

ለፋሲካ ምንይሉ ቃሉን ጠብቆ የመጨረሻውን ኩንታል አስወጣ። ቤቱን ራሱ አስጠርጎ ቁልፉን ለመሪጌታ ሳይሆን ለስርጉት በእጇ ሰጣት። እሷም ጠረጴዛዋን ወደ ውስጥ አስገብታ፣ ዕቃዋን በየመደርደሪያው ደርድራ ተቀመጠች። ጥቂት ሠራች። ቤቱ ጨለማ ሆነባት። ደግሞ አላፊ አግዳሚው አይታይም፤ ሰላም የሚላትም የለም። በጋውን ሙሉ ውጭ ስትውል ዓይኗ ብርሃን ለምዷል።

ተነሣችና ጠረጴዛውን አንሥታ ወደ በረንዳው መለሰችው።